ዳቦ የሚያዘው በሆድ ነው

«ዳቦ በእጁ ይዞ የሚቆም እስረኛ የት አገር አያችሁ? ዳቦ የሚያዘው በሆድ ነው!»

እንዲህ ብሎ የጮኸው ጋሽ ተገኝ ነው፣ ያውም ካሜራው እየቀረጸ። ቦታው ከአርቦሬ አለፍ ብሎ የጨው ባሕር ሜዳ የሚጀምርበት ላይ ነው፤ በእሾህና በቆርቆሮ ያቆምነው የውሸት እስር ቤት አለ። ፊልሙን የጻፈውም የሚመራውም መምህር ኖላዊ «ከት» አለና ባርኔጣውን አውልቆ ጭንቅላቱን አከከ።

አሥር እስረኞች ጆንያ ለብሰው ተሰልፈዋል። አራቱ ዳቧቸውን በልተው ጨርሰዋል። ስድስቱ ግን እንደ ጧፍ ከፊታቸው ይዘው ቆመዋል። የመጋቢት መጨረሻ ነው፣ ሰዓቱም ገና ከጠዋቱ አራት። ስድስቱ ጾመኞች ናቸው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። ከበሉት ሦስቱ ጴንጤ ናቸው፣ አራተኛው የግብርና ቢሮው አሕመድ ነው። አሕመድ የራሱን ጾም ከፈታ ገና ሳምንቱ ስለሆነ ዳቦውን ሲያጠፋው ያየ የለም፤ አየሁ የሚል ካለ ውሸቱን ነው።

በጾም እንቅረጽ ያለው ደግሞ መምህር ኖላዊ ራሱ ነው። ተዋናዮቹ የጂንካ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው፣ ቦርጭ አላቸው፣ በጾም ይከሳሉ ብሎ ነው። የከሳ የለም። ጀግናውን የሚሠራው የፋይናንስ ቢሮው እውነቱ እንዲያውም በሽሮ ጨምሮ ጆንያው ሁለት ቦታ ተተርትሯል። ዳቦ የሚበላበት ትዕይንት ጠዋት ላይ እንደሚውል ግን ማንም አላሰበም።

መምህር ኖላዊ ረጋ ብሎ፣ እሱን በኋላ እንነጋገራለን ጋሽ ተገኝ፣ አለው።

«ምኑን ነው የምንነጋገረው ጌታዬ? አማካሪ ብለህ አመጣኸኝ፣ አማከርኩህ። ብሉ በላቸው።»

«ጾም ነው እኮ ጋሽዬ» አለ እውነቱ ዳቦውን እያሸተተ።

«እኔ አሥራ አንድ ዓመት ጾሜአለሁ፣ ያንተንም ጨምሬ። ብላ።»

ይቺን ነገር ለነፍስ አባቱም ብሏቸዋል ይባላል። ከምርኮ ካምፕ እንደተመለሰ ጾም ለምን አትጾምም ሲሉት አባቴ፣ እኔ ጨርሻለሁ፣ አለ። ቄሱ ስቀው ተዉት። እሱ ግን አልሳቀም።

ጋሽ ተገኝን ጂንካ ውስጥ የማያውቀው ሰው የለም። ስድሳ ዘጠኝ ላይ ሚሊሻ ሆኖ ዘመተ፣ በሶማሌ ጦርነት ተማረከ፣ ድንበር ማዶ የምርኮኛ ካምፕ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ኖሮ በሰማንያ ተመለሰ። ሲሄድ ሃያ ዓመቱ ነበር። ሲመለስ ግን እናቱ በሩን ከፍታ ማንን ፈልገህ ነው አለችው። ደርግ ወድቆ ወታደሩ ሁሉ ሲበተን እሱ የአውሮፕላን ማረፊያው ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። የድሮው ማረፊያ ከተማው መሃል ነበር፣ ሣር ሜዳ። ላሞች ይግጡበታል፣ እኛ ኳስ እንጫወትበታለን። አውሮፕላን ሲመጣ ጋሽ ተገኝ ፊሽካውን ነፍቶ ላሙንም ልጁንም ያባርራል። የቀኝ አመልካች ጣቱ አይታጠፍም፣ እንደ እርሳስ ቀጥ ያለ ነው፤ በእሱ ጣት ከጠቆመህ ላምም ብትሆን ትነሳለህ።

እኔ ያን ፊሽካ በአፌ ማስመሰል የቻልኩት ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ነው። ሣር ውስጥ ተኝቼ እነፋለሁ። ላሞቹ ይሮጣሉ፣ ልጆቹ ይበተናሉ፣ ጋሽ ተገኝ ከዘበኛ ቤቱ ወጥቶ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሰማዩን ያያል። አውሮፕላን የለም። ይገባል፣ ደግሞ ይወጣል። በኋላ ሲይዘኝ ይመታኛል ብዬ ነበር። «ድገመው» አለኝ። ደገምኩት። «ትንሽ አሳጥረኸዋል» አለና ሄደ።

ይሄ ሰው አይቀመጥም። ለቅሶ ቤት ቆሞ ነው፣ ዕድር ስብሰባ ላይ በር ጋ ቆሞ ነው። መኪና ውስጥ ሲገባ ሰው ይቆጥራል፣ ከንፈሩ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ማረፊያው ከከተማ ወጥቶ አዲስ ቦታ ሲሠራ እሱ ጡረታ ወጣ፤ አሁንም በየጠዋቱ አሮጌውን ሜዳ ዞሮ ካላየ ቀኑ አይጀምርለትም።

መምህር ኖላዊ ከሐዋሳ ተመድቦ የመጣ ነው። በጣሊያን ጊዜ በረሃ ላይ ስለታጎሩ እስረኞች ፊልም ልሥራ ሲል ካምፕ የሚያውቅ ማን አለ ብሎ ጠየቀ፣ ሁሉም ጋሽ ተገኝን ጠቆመ። ካቦውን ማን ይሥራው ሲል ደግሞ እኔን ጠቆሙ። ካቦ ማለት ራሱ እስረኛ ሆኖ በእስረኞቹ ላይ የተሾመው ነው። ዳቦ ያከፋፍላል፣ ይቆጥራል፣ ያሳብቃል ይባላል። ክፉ ሰው አስመስል ስትባል የሚቀናው ቶላ ነው አሉ፤ ቶላ እኔ ነኝ። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ በርዕሰ መምህሩ ድምፅ ማይክ ላይ ገብቼ ትምህርት ቤቱን በሙሉ ወደ ቤት ሸኝቼው ነበር፤ እኔም አብሬ ተሸኘሁ፣ አልተመለስኩም።

ካቦውን ስለማመድ ፊሽካ ያስፈልገኛል ብዬ ጋሽ ተገኝን ለመንኩት። አልሰጠኝም። በአፌ ነፋሁት። አመልካች ጣቴንም ቀጥ አደረግሁ፣ አረማመዱንም ወሰድኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሽ ተገኝ ግን አየኝ፣ አየኝና ጀርባውን ሰጠኝ። ያኔ የተናደደ መስሎኝ ነበር።

እንግዲህ ወደ ዳቦው ልመለስ። ቀትር ላይ መምህር ኖላዊ ጠዋት የተቀረጸውን በትንሿ ስክሪን ደጋግሞ አየ። ፊቱ እየበራ መጣ። ስድስት ሰው ዳቦ ይዞ አይበላም፣ ዓይናቸውም ሩቅ ነው። ሩቅ የሆነው ዘጠኝ ሰዓትን እያዩ መሆኑን የምናውቀው እኛ ነን፣ ፊልሙ አያውቅም። መምህር ኖላዊ፣ በቃ እንደዚሁ ይሁን፣ አለ። ነገሩን ቀይሮታል፦ ከመሃላቸው አንዱ ሊወሰድ ስለሆነ እስረኞቹ ዳቦ አንበላም ብለው አመፁ፣ ከዚያ እውነቱ ወጣ ይልና በሦስት ገጽ የሸመደደውን ንግግር ያደርጋል፣ በፈቃዱ ለጓደኞቹ ይሄዳል።

ጋሽ ተገኝ ይሄን ሰምቶ አልጮኸም። በጨው ሜዳው ላይ መራመድ ጀመረ። ጥላ የለም፣ ውሃ የለም፣ ዛፍ የለም፣ ዝም ብሎ ይሄዳል። መምህር ኖላዊ ሂድና መልሰው አለኝ። እየሮጥኩ ደረስኩበት። ልመልሰው ብል አልመለስ አለ፣ ስለዚህ አብሬው ሄድኩ። ጨው ከእግራችን ስር እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል።

«ኃይሌ አልተናገረም» አለኝ ሳያየኝ።

ኃይሌ ማን እንደሆነ አውቃለሁ። የዳቦ ቤቷ የእትዬ ጤናዬ ወንድም ነው። ከጋሽ ተገኝ ጋር ከጂንካ አብረው ዘመቱ፣ አብረው ተማረኩ፣ ኃይሌ አልተመለሰም። ጋሽ ተገኝ በሰማንያ ሲመለስ ለእትዬ ጤናዬ የነገራት ነገር ከተማው ውስጥ እንደ ተረት ይነገራል፦ ከእስረኞች አንዱ ጠፋ፣ በጠፋው ፈንታ አንድ ሰው ይወሰድ ተባለ፣ ኃይሌ ማንም ሳይጠራው ከሰልፉ ወጣ። መምህር ኖላዊም ይሄንኑ ሰምቶ ነው ለጀግናው የሰጠው። የዛሬውንም የፊልም ዳቦ የጋገረችው እትዬ ጤናዬ ናት፤ ጠዋት መኪና ላይ ስንጭን ቆማ ታየን ነበር።

«አልወጣም እንዴ በራሱ?» አልኩት።

«ወጣ። በራሱ ነው የወጣ። ውሸት አልነገርኳትም።» ጥቂት ሄደ። «ግን ካቦው እኔ ነበርኩ።»

ስንት ሳምንት ጣቴን ቀጥ አድርጌ በካምፑ ውስጥ ስንጎራደድ ማንን ሳስመስል እንደነበር ያኔ ገባኝ።

እየሄደ ነገረኝ፤ አንዴም አልቆመም። አሥራ አንድ ሆነው በአንድ ክፍል ነበሩ። አንዱ ጠፋ። አለቃው ካቦውን ጠራና፣ ነገ ጠዋት ከአሥራችሁ አንድ ታመጣልኛለህ፣ ማንም ይሁን፣ ካላመጣህ ሦስት እወስዳለሁ፣ አለው። የሚወሰድ ሰው እንደማይመለስ ያውቃሉ። ዳቦ ሲመጣ የሚያከፋፍለው ካቦው ነው፣ ለአንድ ሰው አንድ። የጠፋው ሰው ድርሻ ተርፏል። ጋሽ ተገኝ ሲያከፋፍል ኃይሌ ጋ ደረሰና አንድ አስቀመጠለት። ከዚያ በላዩ ላይ ሌላ ጨመረለት።

«ምንም አላልኩትም። ቃል አልወጣኝም። ዳቦ ደረብኩለት፣ በቃ።»

«ገባው?»

«ካምፕ ውስጥ ሁለት ዳቦ የሚሰጥህ ሰው ወይ አብዷል ወይ ሸኝቶሃል። አየኝ። ሁለተኛዋን ለሁለት ገመሳት፣ ግማሿን ሰጠኝ።»

«አንተስ?»

«ፊቱን ሳያዞር በልቼ ጨርሼ ነበር።»

ሲነጋ ኃይሌ፣ ስሙ ሳይጠራ፣ ወጣ። ንግግር የለም፣ ዘፈን የለም። ጫማውን አውልቆ ለጎረቤቱ ሰጥቶ ሄደ።

ለምን እሱን መረጥክ ብዬ አልጠየቅሁም። አልደፈርኩም። ራሱ መለሰ። ለብዙ ዓመት ለራሱ፣ ሌሎቹ ሚስትና ልጅ ስላላቸው ነው፣ ይል ነበር። ግማሹ እውነት ነው አለ።

«ግማሹስ?»

«ሌላ ብመርጥ ይጮሃል። ይረግመኛል። ኃይሌ አይጮህም፣ አውቀዋለሁ፣ አብሮ አደጌ ነው። የማይጮኸውን ነው የመረጥኩ።»

ያን ጊዜ ነው የቆመው። ዞሮ ካምፓችንን አየ፤ ከሩቅ ትንሽ ነው፣ የክብሪት ቀፎ ያክላል። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ እየቆጠረ ነው።

«ያ ቦርጫም በኃይሌ ስም ሦስት ገጽ ሊናገር ነው» አለ። «ጤናዬም ታየዋለች።»

ስንመለስ ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ጋሽ ተገኝ መምህር ኖላዊን ለብቻው ወሰደው። የነገረው ምን እንደሆነ ከሩቅ አይሰማም፤ መምህር ኖላዊ ግን ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ እየሰማ ነበር፣ አንዴም አላቋረጠውም። ተመልሶ መጣና እውነቱን፣ ንግግሩ ቀርቷል፣ አለው። እውነቱ፣ ሦስት ሳምንት የሸመደድኩትን፣ ብሎ ሊከራከር ሞከረ፣ ኋላ የመምህሩን ፊት አይቶ ተወው። የፊልሙ ካቦ ለሰዎቹ አንድ አንድ ይሰጣል፣ ለጀግናው ሁለት፤ ጀግናው ከሁለተኛው ግማሹን ይመልስለታል። ምንም አይባልም።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ጾመኞቹ አማተቡ። እኔ ዳቦ ማደል ጀመርኩ፣ ደገምኩት፣ አሁንም ደገምኩት። አልሆነም። ጣቴ ይሆናል፣ አረማመዴ ይሆናል፣ እጄ ግን ሁለተኛውን ዳቦ ሲያስቀምጥ ቀልድ ይመስላል። መምህር ኖላዊ ሰው ሁሉ ዝም እስኪል ጠብቆ፣ ጋሽ ተገኝ፣ እጅዎ ብቻ፣ ፊትዎ አይታይም፣ አለ።

ጣቱ ግን ይታያል። የማይታጠፈው ጣት። ጂንካ ውስጥ ላም ሳትቀር የምታውቀው።

«ያውቁታል እኮ» አልኩት በጆሮው።

«አንተ ዝም በል» አለና እጅጌውን ሰበሰበ።

በአንድ ጊዜ ተቀረጸ። እጁ መጣ፣ አንድ አስቀመጠ። ቆየ። ሌላ ደረበ። እውነቱ፣ ያን ሁሉ ሲቀልድ የዋለ ሰውዬ፣ ሁለተኛውን ቀስ ብሎ ገምሶ ግማሹን መለሰለት። ጋሽ ተገኝ ግማሿን ተቀብሎ ከካሜራው ውጪ አፉ ውስጥ ከተታት። መብላት አያስፈልግም ነበር፣ የሚቀረጸው እጁ ነው። ቆሞ አላመጠ፣ አላመጠ፣ መዋጥ ግን ረጅም ጊዜ ወሰደበት።

ከፋሲካ በኋላ ፊልሙ ተቀነባብሮ አለቀ። እሁድ ከሰዓት በኋላ በከተማው አዳራሽ ይታያል ተብሎ ማስታወቂያ ተለጠፈ፣ እትዬ ጤናዬ ከፊት ወንበር ተጠርታለች። ጋሽ ተገኝ ከዚያ ወዲህ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። አሮጌውን ሜዳ በቀን ሁለቴ፣ ሦስቴ ይዞራል። እኔም አብሬ እዞራለሁ፤ እሱን ማስመሰል ትቻለሁ፣ እግሬ ግን ለምዶ ቀርቷል።

ሐሙስ ዕለት ሜዳው ላይ እንዲህ አልኩት፦ ጋሽዬ፣ እትዬ ጤናዬ ታውቃለች።

«ምኑን?»

«ሁለቱን ዳቦ። ከካምፑ የተመለስከው አንተ ብቻ አይደለህም፣ ሌላ ሰው ነግሯት ይሆናል። እኔን ስንት ልስጥህ ትለኛለች። መምህር ኖላዊንም ስንት ትለዋለች። አንተን ጠይቃህ ታውቃለች? አንድ ታስቀምጣለች፣ ከዚያ በላዩ ሌላ ትደርባለች። አንድም ቃል አትልም። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የማየው።»

ቆመ። ጋሽ ተገኝ እየተራመደ ሲቆም ያየሁት ሁለተኛ ጊዜ ነው።

«ደግ ስለሆነች ነው» አለ።

«እንወራረድ።»

መጀመሪያ ሰደበኝ። ከትምህርት ቤት የተባረርክ፣ የሰው ነገር የምትሰርቅ፣ አለኝ። ኋላ ግን፣ በምን፣ አለ። እኔ ከተሸነፍኩ ማታ ትምህርት ቤት ገብቼ ስምንተኛ ክፍልን እጨርሳለሁ፣ ያውም ከፊት ተቀምጬ። እሱ ከተሸነፈ ፊሽካው የእኔ ነው፣ በዕድሩ ስብሰባ ፊት እሱን ከእግር እስከ ራሱ አስመስለዋለሁ፣ እሱም እስክጨርስ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያያል። ወንበሩ ላይ ሲደርስ ፊቱን አጨማደደ። ዳኛዋ እሷው ናት፦ እሁድ እጁ ሁለተኛውን ዳቦ ሲደርብ ስታይ፣ ቀድሞውኑ የምታውቅ ከሆነ እንደተቀመጠች ትቀራለች፣ የማታውቅ ከሆነ ተነስታ ትወጣለች። ተጨባበጥን። ያ ጣት መዳፌን ወጋኝ።

አርብ ጠዋት መጣና «አልችልም፣ ከእሁድ በፊት ልነግራት ነው» አለኝ።

ውርርዱ ይፈርሳላ፣ አልኩት። ይፍረስ፣ አለ። በጨለማ አዳራሽ ውስጥ፣ በሰው መሃል፣ ከእጄ ልትሰማው አይገባም፣ አለ። ከዳቦ ቤቷ ማዶ ቆሜ ጠበቅሁት። በሩ ላይ ደርሶ ተመለሰ፣ ደግሞ ደረሰ፣ ደግሞ ተመለሰ። ሦስተኛው ላይ ገባ።

ቆየ። ሰዎች ይገባሉ፣ ዳቦ ይዘው ይወጣሉ፣ እሱ የለም። በመስኮቱ የእትዬ ጤናዬ ነጭ ሻሽ ይታያል፣ ጎንበስ ቀና ይላል። አንዴ ሻሹ ረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ቆመ። ከዚያ ደግሞ ተንቀሳቀሰ።

ጋሽ ተገኝ ወጣ። ፌስታል ይዟል፣ በፌስታሉ ውስጥ ሁለት ዳቦ አለ።

«ነገርካት?»

መንገዱን ተሻግሮ አለፈኝ። ተከተልኩት።

«ጋሽዬ፣ ነገርካት ወይስ አልነገርካትም?»

«ወረፋ ነበር» አለ።

«ይኸው ሁለት ነው የሰጠችህ። አሸነፍኩ።»

«ሁለት ሁልጊዜም ሁለት ነው። ምንም አላሸነፍክም።»

«ስትሰጥህ አየችህ?»

«እሁድ ታያለህ።»

«አንተስ እሁድ ትመጣለህ?»

ወደ አሮጌው ሜዳ ገባን። ላሞች ተበትነው ይግጣሉ፣ ልጆች ኳስ ይዘዋል። አንዷን ዳቦ አውጥቶ ሰጠኝ። ተቀብዬ በላሁት፣ ቁርስ አልበላሁም ነበር። እሱ የራሱን አልበላም። ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ስንዞር በእጁ ይዞት ነበር፣ እንደ ጧፍ፤ የማይታጠፈው ጣቱ ዳቦው ላይ ተጋድሟል።

ብላው እንጂ ጋሽዬ፣ ዳቦ የሚያዘው በሆድ ነው ብለህ አልነበር፣ አልኩት።

«ውርርዱ እንዳለ ነው፤ ከተነሳች ስምንተኛ ክፍል» አለኝ። «ከፊት ወንበር።»

«ከተቀመጠች ፊሽካው።»

«እሁድ» አለና ዳቦውን ወደ ሌላኛው እጁ አዛወረው።